ፓምፑ መቼ ይነሣ?
በፀሐይ የሚሞቅ ውሃን የማዘዋወሪያ መሣሪያ ታሪክ

ውሃ በሞቀ ጊዜ ይቀላል፤ ሲቀልም ወደ ላይ ይወጣል። በፀሐይ ኃይል ውሃ የማሞቅ ጥበብ ለረዥም ጊዜ የተመሠረተው በዚህ ተራ በሚመስል የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነበር። ማጠራቀሚያው በርሜል ሙቀት ከሚሰበስበው ሰሌዳ በላይ እስከተቀመጠ ድረስ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው በራሱ መዘዋወር ይጀምራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም በራሱ ያቆማል። አዛዥ አያስፈልገውም፤ ሞተርም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይሻም። ችግሩ የሚመጣው በርሜሉ ወደ ታች፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ወይም ወደ ምድር ቤቱ እንዲወርድ በተፈለገ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሞቃቱን ውሃ ከጣሪያ ወደ ታች የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፑ ከገባ ደግሞ መቼ ይነሣ፣ መቼስ ይቁም የሚለው ጥያቄ አብሮ ይገባል። ጥያቄው የአንድ ማብሪያና ማጥፊያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ አያሌ መሐንዲሶችንና በገዛ እጃቸው ማሞቂያ የሠሩ አያሌ የቤት ባለቤቶችን ሲያደክም ኖሯል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ገብታ ሙቀቷ ወጥመድ ውስጥ እንደሚቀር በ1767 ዓ.ም. በመስታወት በተሸፈኑ ሣጥኖች ያሳየው የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር ነው። ይህን እውቀት ወደ ገበያ ያወጣው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ክላረንስ ኬምፕ የተባለ የባልቲሞር ነጋዴ ነበር። በ1891 የፈጠራ መብት ያገኘበት «ክላይማክስ» የተሰኘው ማሞቂያ ጥቁር ቀለም የተቀቡ የውሃ በርሜሎች መስታወት በለበሰ ሣጥን ውስጥ የተኙበት ነው። ውሃው የሚሞቀውም የሚቀመጠውም በዚያው በአንድ ቦታ ነበርና ከሰዓት በኋላ የሞቀው ውሃ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጠዋት ፊቱን በሞቀ ውሃ ሊታጠብ የሚፈልግ ደንበኛ እስከ እኩለ ቀን መጠበቅ ነበረበት።

ይህን ጉድለት ያረመው ዊልያም ቤይሊ ነው። በ1909 በካሊፎርኒያ ያወጣው ማሞቂያ የሚሞቀውን ክፍል ከሚጠራቀምበት ክፍል ለያየ፤ በጣሪያው ላይ ቀጫጭን ቧንቧዎች የተጣበቁበት የብረት ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው በላይ ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ የተሸፈነ በርሜል። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ሞቆ ስለሚያድር የኩባንያውን ስም «ቀንና ሌሊት» አለው። በርሜሉ የግድ ከሰሌዳው በላይ መሆን ስለነበረበት ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍት ቦታ ይሸጎጥ ወይም የጭስ ማውጫ መስሎ እንዲታይ ይሸፈን ነበር። የቤይሊን ሥራ ከሁሉ ይልቅ የፈተነው የ1913ቱ ብርድ ነው። በዚያ ክረምት በደቡብ ካሊፎርኒያ ባልተለመደ ውርጭ የሰሌዳዎቹ ቧንቧዎች ፈነዱ። ቤይሊ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ በሰሌዳው ውስጥ ውሃና አልኮል የተቀላቀለበት የማይረጋ ፈሳሽ አስገባ፤ ፈሳሹም በበርሜሉ ውስጥ በተጠመጠመ ቧንቧ እያለፈ ሙቀቱን ለመጠጥና ለመታጠቢያ ውሃው እንዲሰጥ አደረገ። በ1920ዎቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተፈጥሮ ጋዝ በርክሶ በተገኘ ጊዜ ገበያው ወደቀና ቤይሊ ራሱ ፊቱን ወደ ጋዝ ማሞቂያ አዞረ። ዘዴው ወደ ፍሎሪዳ ተሻግሮ በ1941 ከማያሚ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በፀሐይ በሞቀ ውሃ ይጠቀም ነበር። ከዚያም በጦርነቱ ምክንያት መዳብ ለሲቪል ሥራ ታገደ። እስከዚህ ድረስ በነገሩ ውስጥ ፓምፕ የሚባል የለም።

በእስራኤልም የለም ማለት ይቻላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሌዊ ይሳር የተባለ መሐንዲስ ያስተዋወቀው፣ በኋላም ሃሪ ታቦር ሙቀትን ወስዶ መልሶ የማያወጣ ጥቁር ልባስ በማግኘቱ የተሻሻለው የጣሪያ ማሞቂያ፣ በ1980 በወጣው ሕግ በአዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ላይ ግዴታ ሆነ። አብዛኛው የተሠራው በርሜሉ ከሰሌዳው በላይ ሆኖ ውሃው በራሱ እንዲዘዋወር ነው። አንባቢ እዚህ ላይ፣ ነገሩ ያለ ፓምፕ ከሆነለት ፓምፕ ለምን አስፈለገ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ ከጣሪያውና ከአየሩ ይገኛል። ጣሪያው ቀጥ ያለና በረዶ የሚጫነው በሆነበት አገር ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሊትር ውሃ የያዘ በርሜል በጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ለቤቱም ለውሃውም አይበጅም። ቤትን ጭምር ለማሞቅ የሚያስፈልገው ውሃማ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ይህ በግልጽ የታየው በ1939 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆይት ሆቴልና ባልደረቦቹ በሠሩት የመጀመሪያው የፀሐይ ቤት ነው። በምድር ቤቱ የተቀመጠው ማጠራቀሚያ 17,400 ጋሎን፣ ማለትም 66,000 ሊትር ያህል ይይዝ ነበር፤ የበጋውን ሙቀት ለክረምት ማቆየት የሚቻል መሆኑን ለመመርመር የታቀደ ነበርና። ይህን ያህል ውሃ ከጣሪያ በላይ መስቀል ለማንም አይታሰብም። ስለዚህ ውሃው በሰሌዳውና በምድር ቤቱ መካከል በፓምፕ ይመላለስ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ትንሽ ፓምፕ በአውሮፓ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በ1928 የዶርትሙንዱ ቪልሄልም ኦፕሌንደር በማሞቂያ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የውሃውን ዝውውር የሚያፋጥን መሣሪያ አውጥቷል።

ያልተዘጋጀው አዛዡ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሙቀትን አይቶ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ አዲስ ነገር አልነበረም። የዊስኮንሲኑ መምህር ዋረን ጆንሰን የክፍሉን ሙቀት ለማስተካከል ዘወትር እየገባ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ሠራተኛ ቢያሰለቸው በ1883 የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አግኝቷል። ቴርሞስታት ግን የሚያውቀው አንድን ሙቀት ብቻ ነው። የፀሐይ ማሞቂያው ፓምፕ ማወቅ ያለበት ሁለት ነው። ሰሌዳው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስና በበርሜሉ ያለው ውሃ 20 ዲግሪ ቢሆን ያ ሰሌዳ ሀብት ነው፤ ያው ሰሌዳ በዚያው በ40 ዲግሪ ላይ እያለ የበርሜሉ ውሃ 60 ዲግሪ ከሆነ ግን ሌባ ነው፣ ፓምፑ ቢነሣ የሞቀውን ውሃ ወደ ጣሪያ ወስዶ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ የሚለካው ሙቀቱ ሳይሆን በሁለቱ ሙቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። የሚገርመው፣ ልዩነትን ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ በሳይንስ ቤት ከቴርሞስታት በፊት ይታወቅ ነበር። የኤዲንብራው ጆን ሌስሊ በ1804 ስለ ሙቀት ባሳተመው ምርምር የተጠቀመበት ቴርሞሜትር ቀለም ያለው ፈሳሽ በያዘ ቧንቧ የተገናኙ ሁለት የመስታወት እንቁላሎች ነበሩት፤ ሁለቱም እኩል ቢሞቁ ፈሳሹ ንቅንቅ አይልም፣ አንዱ ብቻ ሲሞቅ ግን ይሸሻል። የፀሐይ ፓምፕ የሚፈልገው ይኸንኑ ነበር። በርካሽ ለማግኘት ግን መቶ ሰባ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከዚያ በፊት በገዛ እጁ ከሠሩት መካከል ሊታለፍ የማይገባው ሃሪ ቶማሰን ነው። በ1959 በዋሽንግተን አቅራቢያ ለራሱ በሠራው ቤት ፓምፑ ውሃውን ወደ ጣሪያው ጫፍ ያወጣዋል፤ ውሃውም በመስታወት ሥር በተነጠፈ ጥቁር የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ሽንትሮች ላይ እየተንቆረቆረ ወርዶ በታች ባለው አሸንዳ ይሰበሰባል፤ ከዚያም 1,600 ጋሎን ወደሚይዘው በድንጋይ ክምር ወደተከበበው በርሜል ይገባል። የዚህ አሠራር ውበቱ ፓምፑ በቆመ ጊዜ ነው። ውሃው ሁሉ በራሱ ወርዶ ስለሚያልቅ ሌሊት በጣሪያው ላይ የሚረጋ ነገር አይቀርም። መብራት ቢጠፋ፣ አዛዡ መሣሪያ ቢበላሽ፣ የቤቱ ባለቤት ቢዘነጋ እንኳ አደጋ አይደርስም። የቴክኒክ መጻሕፍት ለቶማሰን የሰጡት ስፍራ ከሚገባው ያነሰ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች በጓሯቸው የመዳብ ቧንቧና አሮጌ መስታወት ይዘው ማሞቂያ ወደ መሥራት ገቡ። ፓምፑን ለማዘዝ መጀመሪያ የተሞከሩት ዘዴዎች እጅ የቀረባቸው ነበሩ። አንዳንዱ በእጁ ያበራና ያጠፋ ነበር፤ ይህ የሚሆነው ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚውል ሰው ነው። አንዳንዱ የሰዓት ማብሪያ ገጠመ፤ ሰዓት ግን ደመናን አያውቅም። ብርሃን የሚያይ መሣሪያ የገጠመም ነበር፤ እሱ ደግሞ ፀሐይዋን ያያል እንጂ የበርሜሉን ሙቀት አያይም። በሰሌዳው ላይ አንድ ቴርሞስታት ያሰረ ሰው ከላይ የተነገረው የ40 ዲግሪ ጣጣ ይደርስበት ነበር።

መፍትሔው የመጣው ለሌላ ጉዳይ ከተሠሩ ነገሮች ነው። ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ቴርሚስተር የተባለው ፍሬ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለመለኪያ ሥራ እየዋለ ነበር። በ1968 ፌርቻይልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 741 የተሰኘውን የተቀናጀ ማጉያ አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ወርዶ ሬዲዮ ጠጋኝ ሁሉ የሚያውቀው ዕቃ ሆነ። ሁለት ቴርሚስተሮች፣ አንዱ በሰሌዳው አንዱ በበርሜሉ ታች፤ የሁለቱን ቮልቴጅ የሚያነጻጽር አንድ ማጉያ፤ ከማጉያው በኋላ አንድ ትራንዚስተርና ፓምፑን የሚያበራ አንድ ሪሌይ። ይኸው ነው። በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ የሌስሊ ሁለት እንቁላሎች እንደገና ተወለዱ።

ሆኖም መሣሪያውን የሠራ ሁሉ ወዲያው አንድ ነገር ይገጥመው ነበር፦ ፓምፑ ይነሣል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሣል። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። 4 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ያለው ቤት ይታሰብ። ማለዳ ላይ ደካማ ፀሐይ በካሬ ሜትር 300 ዋት ትሰጣለች፤ ሰሌዳው ግማሹን ቢይዝ 600 ዋት ይሆናል። ፓምፑ በደቂቃ 3 ሊትር ቢገፋ ያን ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 209 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ 600 ዋቱ ውሃውን ከ3 ዲግሪ አያስበልጠውም። ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሰሌዳው ቆሞ ሲሞቅ ከበርሜሉ በ10 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ውሃው መፍሰስ እንደጀመረ ግን ያ ልዩነት ወደ 3 ይወድቃል። አዛዡ «ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ሲያንስ አቁም» ተብሎ ከሆነ ማለዳውን ሙሉ ሲነሣና ሲወድቅ ይውላል፤ ሪሌዩም ከዘመኑ በፊት ይቃጠላል።

ስለሆነም የሚነሣበትና የሚቆምበት ነጥብ ሊለያዩ ይገባል። በልምድ የተወሰደው በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ልዩነት ማስነሣት፣ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ማቆም ነው። ከዚህ በታች መውረድ ግን ኪሳራ ያመጣል። ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ሲሆን ከላይ ባለው ምሳሌ የሚገኘው ሙቀት 105 ዋት ብቻ ነው፤ 60 ዋት የሚበላ ፓምፕ ይህን ለማምጣት መሮጡ፣ በቧንቧው ላይ የሚባክነው ሙቀት ሲታከልበት፣ ትርፍ የለውም። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ዳፊና ቤክማን በ1974 መታተም በጀመረው መጽሐፋቸው ተከታታይ እትሞች የሁለቱ ነጥቦች ጥምርታ ከውሃው ፍሰትና ከሰሌዳው የሙቀት ብክነት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በቀመር አስቀምጠውታል። ቀመሩን ያላነበበ የጓሮ ሠሪ ግን ብሎኑን እያዞረ፣ ፓምፑን እያዳመጠ፣ ከዚያው ቁጥር አጠገብ ይደርስ ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ሥራ ያበላሸው የመለኪያዎቹ ቦታ ነው። የሰሌዳውን መለኪያ በመውጫው ቧንቧ ላይ፣ ከሣጥኑ ውጭ ያሰረ ሰው ፓምፑ ፈጽሞ ላይነሣለት ይችላል፤ ውሃው ካልፈሰሰ የሰሌዳው ሙቀት እዚያ አይደርስምና። የበርሜሉን መለኪያ በላይኛው ክፍል ያደረገ ደግሞ በታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ሳይሞቅ ፓምፑ ይቆምበታል። በቧንቧው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያላደረገ ሰው፣ ፓምፑ ሌሊት ቆሞ እያለ የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ጣሪያ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ያድራል። መጀመሪያ ላይ ረዳት የነበረው የተፈጥሮ ሕግ በርሜሉ ወደ ታች ሲወርድ ጠላት ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ብልሽት ግን የማይታየው ነው። እንዲህ ያለ ማሞቂያ ባለበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ፀሐይ በማትወጣበት ቀን የሚሠራ የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ቦይለር አብሮ አለ። የሰሌዳው መለኪያ ሽቦ ቢበጠስ ፓምፑ ይቆማል፤ ቦይለሩ ግን ዝም ብሎ ውሃውን ያሞቃል። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ያው ሞቃት ነው። ባለቤቱ ሰሌዳው መሞቱን የሚያውቀው ምናልባት ከወራት በኋላ፣ በሂሳብ ደረሰኝ ነው፤ ምናልባትም አያውቅም። በ1979 ፕሬዚዳንት ካርተር በዋይት ሀውስ ጣሪያ ላይ 32 ሰሌዳዎች ሲያስመርቁ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የመንግሥት ድጋፍ ያለው የተከበረ ሥራ ነበር። የታክስ ቅናሹ በ1985 መጨረሻ ሲያበቃ አያሌ ድርጅቶች ተዘጉ፤ የዋይት ሀውሶቹም ሰሌዳዎች በ1986 ወረዱ። በግል ቤቶች የቀሩትን የሚጠግን ሰው ጠፋ። በብዙ ጣሪያ ላይ መስታወቱ እያብለጨለጨ በሥሩ ያለው ፓምፕ ዝም ያለበት ዘመን ያ ነው። ሰሌዳው ለሃያ ዓመት ይበረክታል፤ ሁለት ሳንቲም የማይሞላ ሽቦ ግን ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

በኦስትሪያ የሆነው ከዚህ ይለያል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በስታይሪያ ክፍለ ሀገር ፍራፍሬ አምራቾችና የገጠር ነዋሪዎች በቡድን ተደራጅተው ሰሌዳዎችን በገዛ እጃቸው መሥራት ጀመሩ። መዳቡንና መስታወቱን በጅምላ ይገዛሉ፤ መሣሪያ ይዋዋሳሉ፤ አንዱ ቡድን ሲጨርስ ለሌላው ያስተምራል። አሠራሩ ከወንፈል ብዙም አይርቅም። በ1988 በግላይስዶርፍ ከተማ ማኅበር አቋቁመው እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች ክፍለ ሀገሮች ተስፋፋ፤ አገሪቱም ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር በፀሐይ ውሃ በማሞቅ ከአውሮፓ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ሆነች። በአልፕስ ብርድ የሚሠራ ማሞቂያ ስለሆነ በርሜሉ ምድር ቤት፣ ፈሳሹ የማይረጋ፣ ፓምፑም በልዩነት መለኪያ የሚታዘዝ ነው። እንግዲህ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ የተሰናከለው ይኸው አሠራር በዚህ የሰመረው ስለ ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት በእጅ የሠራ ሰው መለኪያው የት እንዳለ ማወቁ ነው። ፓምፑ ሲዘገይ ይሰማዋል፤ ሽቦው ሲበጠስ ጎረቤቱን ጠርቶ ያስረዋል።

በዚያው ዘመን አካባቢ ሌላ ሐሳብ ከኔዘርላንድ መጣ። የአይንድሆቨኑ ፕሮፌሰር ቫን ኮፐንና ባልደረቦቹ በ1979 ባቀረቡት ጽሑፍ ፓምፑ ከልክ በላይ እየፈጠነ በበርሜሉ ያለውን ውሃ ያማስለዋል አሉ። በልምድ ለአንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ በሰዓት 50 ሊትር ያህል ይገፋ ነበር። ይህ ወደ 10 ወይም 15 ሊትር ቢወርድ ውሃው አንድ ጊዜ ብቻ አልፎ በደንብ ሞቆ ይወጣል፤ በበርሜሉም ሞቃቱ ከላይ ቀዝቃዛው ከታች ሆኖ በንብርብር ይቀመጣል። የቀደመው ምሳሌ በዚህ ሲሰላ 600 ዋቱ ውሃውን በ3 ዲግሪ ሳይሆን በ10 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ የማለዳው መነሣትና መውደቅም ከሞላ ጎደል ይቀራል። መሐንዲሶች ለዓመታት በኤሌክትሮኒክስ ሊፈቱት የደከሙበትን ነገር የፓምፑ መዝገም ፈታው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ፓምፑን ከትንሽ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ነው። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የሲሊከን ሴል በቤል ቤተ ሙከራ ከተሠራበት ከ1954 በኋላ ዋጋው ለዚህ እስኪበቃ ሦስት አሥርታት ያህል ወስዷል። ፀሐይ ስትበረታ ፓምፑ ይፈጥናል፣ ስትደክም ይዘገያል፣ ስትጠልቅ ያቆማል፤ መለኪያ የለ፣ ሪሌይ የለ። የበርሜሉን ሙቀት አለማወቁ ጉድለቱ ነው፤ ውሃው 70 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ በደካማ የምሽት ፀሐይ ቢዘዋወር ጥቂት ሙቀት ያስወስዳል። ከ2005 ወዲህ በኢጣልያ ኢቭሬያ የተጀመረው አርዱዊኖና የመሳሰሉት ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ደግሞ የልዩነቱን ስሌት ለማንም ሠሪ አቀረቡለት። የእነዚህ ዋና ጥቅም ግን ስሌቱ አይደለም፤ ያን 741ም ይሠራዋል። ጥቅማቸው መመዝገባቸው ነው። ፓምፑ ትናንት ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚታይበት ቤት የሞተ ሰሌዳ ለወራት ተደብቆ አይኖርም።

ለደጋው ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ የሚቀዳው እንዳለ የሚገጥም አይደለም። በርሜሉን ከሰሌዳው በላይ ማስቀመጥ በሚቻልበት ቤት ፓምፕ ማስገባት ጣጣ መጨመር ነው። ፓምፕ የግድ በሆነበት ግን ከውጭ የሚመጡት መሣሪያዎች ለባሕር ጠለል የተሰናዱ መሆናቸው አይዘንጋ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው በአዲስ አበባ ለአየር ክፍት በሆነ በርሜል ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ95 ዲግሪ እንዲያስጠነቅቅ የተደረገ መሣሪያ ውሃው እየፈላ ዝም ይላል። መብራት በቀትር ቢጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሰሌዳው ግን መሞቁን አያቆምምና እንፋሎቱ የሚወጣበት መተንፈሻ ሊኖረው ይገባል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጥርት ያለ ሌሊት እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቦታዎች ውርጭ ይወርዳል፤ ሰሌዳው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩም ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ እያለም በውስጡ ያለው ውሃ ሊረጋ ይችላል። እንዲህ ባለው ቦታ የቶማሰን አሠራር፣ ፓምፑ ሲቆም ውሃውን ወደ በርሜሉ የሚመልሰው፣ ከማንኛውም መለኪያ የበለጠ ዋስትና ይሰጣል፤ የሚጠይቀውም ቧንቧዎቹ በየትም ቦታ ሳይጎብጡ ወደ ታች ያዘነበሉ እንዲሆኑ ብቻ ነው።